አራት በር ያለው ቤት

በር ማለት ሰው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥም ወደ ውጭ የሚያልፍበት የግድግዳ ክፍት ቦታ ነው። ለአብዛኛው ቤት አንድ ዋና በር ይበቃዋል። ስለዚህ «በሩ ጋ ነኝ» ስንባባል አንጠፋፋም። ዛሬ ታሪኳን የምነግራችሁ ልጅ ግን አራት በር ያለው ቤት ገጠማት።

ስሟ ኖላዊት ነው። ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት፣ ቤቷ አሜሪካ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ሲርባት ግን ጉብዝናዋ ትንሽ ይቀንሳል። የእናንተም እንደዚያው ነው፤ አይቻችኋለሁ።

በኅዳር መጀመሪያ ኃይለኛ ነፋስ ዛፍ ጣለ። ዛፉም የመብራት ሽቦ ይዞ ወደቀ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ፤ ምድጃውም ማሞቂያውም ሥራ አቆመ። እነ ኖላዊት ሁለት ቀን ሙሉ ቀዝቃዛ ዳቦ በሉ። ቅዳሜ ለአባቷ ለአቶ መሳፍንት ስልክ ተደወለ። የደወለው አብሮት የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ሃርጂት ነበር።

«መብራት የላችሁም አሉ። ወደ ጉርድዋራችን ኑ፤ ትኩስ ምግብ አለ።»

«ስንት ሰው ይዤ ልምጣ?»

«ያለህን ሁሉ።»

ሃርጂት የህንድ ሰው፣ በእምነቱም ሲክ ነው። ጉርድዋራ ደግሞ የሲኮች የጸሎት ቤት ነው። ነጭ ጉልላት አለው፤ በግቢው ረጅም ምሰሶ ቆሟል፤ በጫፉ ብርቱካናማ ባንዲራ ይውለበለባል። የራበው ሰው ከሩቅ አይቶ እንዲመጣ ነው ይላሉ። እምነታቸው ከእኛ የተለየ ነው። ረኃባችን ግን አንድ ዓይነት ነው።

አቶ መሳፍንት ልጁንና አክስቱን እማማ ሣህሊቱን የግቢው መግቢያ ላይ አወረዳቸው። እማማ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ወራቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እንግሊዝኛም አያውቁም።

«መኪናውን ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ። ኖላ፣ እማማን አደራ! እጃቸውን እንዳትለቂ።»

«ኦኬ፣ አባዬ።»

እዚያም እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ጫማ ይወለቃል፤ ራስም ይሸፈናል። ከፊታቸው ባገኙት በር እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው የሚፈቱት። ከውስጥ የትኩስ ምስር ሽታ መጣ። ኖላዊት አንድ ጊዜ እማማን አየች፤ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አየች።

«እማማ፣ እዚህ ይጠብቁኝ። አሁን እመጣለሁ።»

«ቶሎ ነይ እንግዲህ። እኔ ቤቱንም ሰዉንም አላውቅ።»

እጃቸውን ለቀቀች።

በምግብ አዳራሹ ሰው ሁሉ ምንጣፍ ላይ በረድፍ ተቀምጧል። ሐኪሙም፣ የጽዳት ሠራተኛውም፣ ሰፈሩ የጨለመበትም እኩል መሬት ላይ ነው። ምስር፣ ቂጣ፣ በወተት የተቀቀለ ጣፋጭ ሩዝ ሰጧት። ጾሙ ገና አልገባም ነበር፤ ስለ ወተቱ አትጠይቁኝ። ኖላዊት በላች። ደገመች። አባቷ ከሃርጂት ጋር በሌላ በር ገብቶ አጠገቧ ሲቀመጥ ስለ ጣፋጩ ሩዝ ልትነግረው ነበር።

«እማማስ?»

ልጆች፣ እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። አጭርም ነበር።

«ባዝሩም ናቸው» አለች።

አቶ መሳፍንት ጠበቀ። ምግቡ ቀዘቀዘ። ሃርጂት አንዲት ሴት ወደ መታጠቢያ ቤት ላከ።

«ማንም የለም» ብላ ተመለሰች።

ውጭ ዝናብ ይዘንባል። አቶ መሳፍንት ፊቱ ተለወጠ። «ቋንቋ አያውቁ! መንገድ ላይ ወጥተው ቢሆንስ?» ብሎ ተነሣ። ኖላዊት አባቷ እንዲህ ሲደነግጥ አይታ አታውቅም። አለቀሰች።

«ዋሽቻለሁ አባዬ። በሩ ጋ ትቻቸው ነው የመጣሁት።»

«የትኛው በር?» አለ ሃርጂት።

«በሩ ነዋ!»

«እዚህ ቤት በር አራት ነው። ከየትኛውም አቅጣጫ የመጣ ሰው እንዲገባ ነው።» በሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚል ነገር ነበር።

ሦስቱም ሮጡ። በአንደኛው በር የማያውቁት ጫማ ብቻ ነበር። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው የእማማ ጥቁር ጫማ በሥርዓት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

«ያለ ጫማ ዝናብ ውስጥ አይወጡም። ውስጥ ናቸው» አለ ሃርጂት።

በጸሎቱ አዳራሽ እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ አለ፤ በእጃቸው ሻይ ይዘዋል። አጠገባቸው አንዲት ባለ ሻርፕ አሮጊት በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፤ እማማም በአማርኛ ይመልሳሉ። እማማን ብቻቸውን ቆመው ያዩዋቸው እኒህ ሴት እጃቸውን ይዘው አስገብተዋቸው ነበር።

ኖላዊት ጉልበታቸው ሥር ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ እማማ። ርቦኝ ነው የተውኩዎት፤ ከዚያም ዋሸሁ።»

«ይቅር ይበልሽ። እኔስ ሰው አላጣሁም፤ እግዜር ይስጣቸው። የተቆጣሁት ሳትጠሪኝ በመብላትሽ ነው።»

አቶ መሳፍንት ዓይኑን ጠርጎ የሃርጂትን እጅ ያዘ። «ውለታችሁን በምን እንመልስ?»

«ምንም አትመልሱም። መርዳት ለሚወድ ግን ሳህን ማጠቢያው በዚያ በኩል ነው።»

ልጆች፣ አደራ የተሰጣችሁን ሰው እጁን አትልቀቁ፤ ከለቀቃችሁም ቶሎ እውነቱን ተናገሩ።

ኖላዊት ሳህን አጠበች። ሳህኑ ብዙ ነበር።