የሜትሩን ጫፍ የያዘችው

ይሄን የምጽፍላችሁ ላስደነግጣችሁ ፈልጌ አይደለም። የደረሰብኝ ነው። የማያምን አያምን። እኔ ግን እያንዳንዷን ቁጥር አስታውሳለሁ፤ ሥራዬ ቁጥር ነው።

ሐሙስ ቀን ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ፀሐይ አናት ትበሳለች።

ጨለማ አልነበረም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

የሕንፃ ታሪክ ተመራማሪ ነኝ። ሊፈርሱ የደረሱ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ገብቼ እለካለሁ፣ ፕላናቸውን እስላለሁ፣ ማን እንደሠራቸውና ማን እንደኖረባቸው አጠናለሁ። ከዚያ ለሙዚየማችን ኤግዚቢሽን አዘጋጃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አላውቅም። ጥፍሬ ውስጥ ያለው አቧራ ራሱ የሰው ቤት አቧራ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ አለቃዬ። አባቴ ሲሞት እሳቸው ትከሻ ላይ ነው ያለቀስኩት።

ቤት ስንለካ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እሳቸው የሜትሩን ጫፍ ይዘው ወዲያኛው ግድግዳ ጋ ይሄዳሉ።

«ያዙ ጋሼ?» እላለሁ።

«ያዝኩ» ይላሉ።

ቁጥሩን አነባለሁ። እሳቸው ይደግሙታል። ካልደገሙት አልጽፍም። በቃ፣ ሕጋችን ነው።

ኤግዚቢሽኑ እሁድ ሊከፈት ነበር። ሃያ ቤቶች... የዕድሜዬ ሥራ። ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ ላይ ሊወጣ! እናቴማ የምትለብሰውን ቀሚስ ካስተኮሰች ሳምንት ሆኗታል።

ረቡዕ ከሰዓት ፕላኖቹን ከመዝገብ ክፍል አወጣሁ። እያንዳንዱ ፕላን ታች ጥጉ ላይ ትንሽ ሳጥን አለችው። «ለኪ» ትላለች፤ የለካው ሰው ስም የሚሰፍርባት ናት። እዚያ ላይ ስሜን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።

የለም።

ጣቴን አሳረፍኩበት... ሻከረኝ። ወረቀቱ በምላጭ ተፍቋል። እኛ ቀለም የምናጠፋው እንደዚያ ነው፤ ምላጩን አጋድሞ፣ ቀስ እያሉ መፋቅ። ማን እንዳስተማረኝ ልንገራችሁ?

በስሜ ቦታ የጋሼ ስም ተጽፏል። ሁለተኛውም ላይ። ሦስተኛውም ላይ። ተለክተው ያለቁት አሥራ ዘጠኙም ላይ!

ደሜ ፈላ። ይሄን ሁሉ ዓመት «ልጄ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው!

ከእኔ በፊት የተሠሩትን ፕላኖች አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየኋቸው። እነሱም ተፍቀዋል። ከጋሼ ስም ሥር የሌላ ሰው ስም ደብዘዝ ብሎ ይታያል... የሴት ስም።

አወቅኳት። ከእኔ በፊት እዚህ ትሠራ የነበረች ተመራማሪ ናት። አንዴ ስለሷ ስጠይቃቸው፣ «ውጭ አገር ሄደች። ደብዳቤ እንኳን አልጻፈችም፣ ውለታ ቢስ» ብለውኝ ነበር።

ቢሯቸው ገብቼ ጮህኩባቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ቀስ በይ... ሰው ይሰማል» አሉ በሹክሹክታ።

«ይስማ! ስሜን የት አደረሱት?»

«ይመለሳል። በሞቴ ይመለሳል። ግን የሐኪሙ ቤት ልኬት አልተሟላም።»

እውነታቸውን ነው። የመጨረሻው ቤት፣ የአንድ ሐኪም የነበረው፣ ሒሳቡ አልገጠመልኝም። ከውጭ ሲለካ አሥራ አራት ሜትር ነው። ከውስጥ ክፍሎቹን ከነግድግዳቸው ስደምር አንድ ሜትር ከሃያ ይጎድላል። ደረጃው ሥር። በር የለው፣ መስኮት የለው።

«ነገ ምሳ ሰዓት እዚያው እንገናኝና እንለካው። ከዚያ ስምሽን ራሴ እጽፈዋለሁ።»

አመንኳቸው። አፈር ልብላ፣ አመንኳቸው!

ሐሙስ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። መስቀያው ላይ የሴት ካፖርት ተሰቅሏል። ባለፈው ስመጣ አልነበረም።

ወለሉ አቧራ ለብሷል። ያለፈው ሳምንት የጫማዬ ዱካ እንዳለ ነው... ወደ ውስጥ የሚገባው ብቻ። የሚወጣ ዱካ የለም።

የደነዝኩ ነገር፣ ዝም ብዬ ገባሁ።

ደረጃው ሥር ግድግዳው ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። የሜትሩን ጫፍ አስገባሁ። ገፋሁት... ገፋሁት... ከዚያ የሆነ ነገር ነክቶ ቆመ። በሩ ክፍት ስለነበር ጋሼ ቀድመውኝ ገብተው ከወዲያ በኩል ያሉ መሰለኝ።

«ያዙ ጋሼ?»

ጆሮዬን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋሁ።

«ያዝኩ...»

ድምፁ የታፈነ ነው። ግድግዳው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

«አንድ ሜትር ከሃያ!»

«አንድ ሜትር... ከሃያ...»

ጻፍኩ። ይሄኔ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው!

«ልጄ፣ ደረስሽ?»

«እርስዎ... የት ነው ያሉት?»

«ቢሮ ነኝ።» ከጀርባቸው ጸሐፊያቸው ስትስቅ ይሰማኛል።

ሜትሩ እጄ ላይ ተወጠረ።

«ጋሼ... እዚህ ሰው አለ...»

የቢሯቸውን በር ሲዘጉ ሰማሁ። ከዚያ በዚያ በሚያስተምሩበት፣ በተረጋጋ ድምፃቸው፣

«ሴትዮዋ ያዘችልሽ?» አሉኝ።

ያውቃሉ! እያወቁ ነው የላኩኝ!

ሜትሩ ከእጄ ተመንጭቆ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። መሮጤ ትዝ ይለኛል። ፀሐዩም ትዝ ይለኛል። ወጥቻለሁ፤ መውጣትማ ወጥቻለሁ።

እሁድ ወደ ኤግዚቢሽኑ ሄድኩ። የደከምኩበት ነው፣ ለምን ብዬ እቀራለሁ? አዳራሹ ጢም ብሏል። ስንት ዓመት የሚያውቀኝ ጥበቃ ሰላም እንኳን አላለኝም። እናቴ ያን ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

አሥራ ዘጠኙ ፕላኖች ላይ የጋሼ ስም አለ። ሃያኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ተስላለች። ጠባብ፣ በር የሌላት። እኔ አልሳልኳትም።

«ለኪ» የሚለው ጋ ስሜ አለ። በራሴ የእጅ ጽሑፍ። ጣቴን አሳረፍኩበት፤ አይሻክርም።

ጋሼ መጥተው ፕላኑ አጠገብ ቆሙ። መሀረብ አወጡ።

«ይሄን የሠራችው ልጄ ናት። የምወዳት ልጄ» አሉ ለሕዝቡ። «ዛሬ እዚህ ብትኖር ምንኛ ደስ ባለኝ። ምን ላድርግ... ውጭ አገር ሄደች።»

«ውሸት ነው! እዚህ ነኝ! እማዬ፣ እዚህ ነኝ!»

ማንም ዞር አላለም። እናቴም አልዞረችም።

ጋሼ ብቻ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ስምሽን ፈልገሽ አልነበር?» አሉኝ በሹክሹክታ።

እጄን የሆነ ነገር ሳበኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። የሜትር ጫፍ ይዣለሁ... ተወጥሯል።

ከእኔ አንድ ሜትር ከሃያ ርቃ፣ ያን መስቀያው ላይ ያየሁትን ካፖርት የለበሰች ሴት ቆማለች። ቁጥሩን አነበበችልኝ።

እስክደግምላት እየጠበቀችኝ ነው...