ከቄሱ በፊት የገነዘው ሰው

«ይኼን ሬሳ ከእኔ በፊት ማን ገነዘው?» አሉ ቄስ ገብረ መስቀል፣ ከአያ ሙሉሃብት እግር ላይ ጋቢውን ገልጠው እንደያዙ።

ለቀስተኛው ሊያይ ተጠጋ። የሟች ሁለት አውራ ጣቶች በነጭ ፈትል ታስረዋል። ሬሳ የሚገንዙት ቄሱ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ገና መድረሳቸው ነው።

ጠዋት ሽማግሌውን ከቤቱ ጀርባ፣ ከድንጋይ ደረጃው ሥር ወድቆ ያገኘችው ፅናት ናት። ዘመዱ አይደለችም፤ ያስታመመችው፣ ያጠበችው፣ እዚያው ቤት ያደገች ልጅ ናት። ኡኡ ብላ ጎረቤት ጠራች፣ በጋቢው እንደተሸፈነ ተሸክመው አስገቡት፣ ተንሸራትቶ ነው ተባለ፣ አለቀ። ቄሱ ግን ቀብሩን አቁመው ፖሊስ አስጠሩ።

ኢንስፔክተር ፋና መጣች። ሰው ሲያወራት መሬት መሬት ስለምታይ የማትሰማ ትመስላለች። መጀመሪያ ደረጃው ሥር ወረደች። የሟች ኮንጎ ጫማ ጎን ለጎን፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደሚቀመጥ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ሰው ሲወድቅ ጫማው አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ይበራል እንጂ እንዲህ አይሰለፍም።

ፅናትን ለብቻዋ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሽማግሌው ቤቱ ያንቺ ነው እያለ ላገር ሁሉ ሲናገር እንደኖረ ነገረቻት።

«በጽሑፍስ?»

«ነገ ኑዛዜውን ልናጽፍ ልንሄድ ነበር። ቄሱም ምስክር ሊሆኑ ነበር።»

ፋና አንገቷን ነቀነቀች። ቤት በአፍ አይወረስም። ኑዛዜ ተጽፎ፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል። ሽማግሌው ግን እንደ ብዙዎቻችን ሞትን የሚጠራው ወረቀት ይመስል ነገ ነገ እያለ ከረመ።

ቀጥሎ ምንይችል፣ የወንድሙ ልጅ። ከሙጃ ከተማ የመጣው በቆዳ ጃኬቱ ነው፤ ለለቅሶ እንኳን ጋቢ አልያዘም። አጎቱ ታሞ ሲተኛ ዝር አላለም። አሁን ሬሳው ሳይወጣ ግድግዳውን ኳ ኳ እያደረገ ጭቃ ይሁን ብሎኬት ያጣራል። «ከኔ በቀር የሥጋ ዘመድ ስለሌለው በሕጉ ወራሹ እኔ ነኝ» አላት።

«ልክ ነህ» አለችው ፋና። «ሕጉ ባንተ አያፍርም።»

ሦስተኛው ጎረቤቱ ደርበው ነው። ድሮ ዲያቆን፣ አሁን አስጎብኚ፤ በአምስት ቋንቋ ሰላም ይላል፣ በአንዱም ጨዋ አይደለም። ቤቱን ከሽማግሌው ገዝቼዋለሁ ይላል፤ ሽማግሌው እስኪሞት ሊኖርበት፣ ሲሞት ደርበው ሊገባበት። በየጠዋቱ በአጥር «አያ፣ እንዴት አደርክ?» ይል ነበር። አስቡት፣ ደህና አድሬያለሁ በተባለ ቁጥር እንዴት እንደሚከፋው።

ፋና ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጣት ማሰር ወንጀል አይደለም» አለች። «በቅንነት ያሰረ ሰው እኔ ነኝ ይላል። የደበቀ ሰው ግን የደበቀው እዚያ መገኘቱን ነው። ፅናት ብትሆን ኖሮ ሬሳውን አግኝቼ አሰርኩለት ብትል ማን ይቆጣታል? ደግሞ ኑዛዜው ሳይጻፍ ቢሞት የምትጎዳው እሷ ናት። ምንይችል ኑዛዜው እንዳይጻፍ ይፈልግ ነበር። ግን ፈትሉ ከጋቢ ዘርፍ የተነጨ ነው፤ የሟች ጋቢ ዘርፍ ሙሉ ነው፣ ምንይችል ደግሞ ጋቢ የለውም። እዚህ መሃል የጋቢውን ዘርፍ ወደ ውስጥ አጥፎ የተከናነበ አንድ ሰው ብቻ አለ። ደርበው፣ እስቲ ዘርጋው።»

«እህቴ፣ ለቅሶ ላይ ነን እኮ።»

«ዘርጋው አልኩህ።»

ቄሱ ራሳቸው ጎተቱት። ከዘርፉ መሃል አንዱ ተነጭቷል፤ ሳቅ የተባለ ጥርሰ ወላቃ ይመስላል። ገፍቶ የጣለውን ሰው ዓይኑን ከድኖ፣ ጫማውን አስተካክሎ፣ ጣቱን አስሮ፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ኡኡታውን መጠበቅ! ነፍስ ማጥፋቱን ቻለው፤ ሬሳ ሳይገንዝ መሄድ ግን ከበደው።

«ዓይኑ ፈጦ ያየኝ ነበር» አለ ደርበው ቀስ ብሎ። «እንደዛ ልተወው? ነገ ቤቴን ለሷ ሊናዘዝላት ነበር።»

«ቤትህ?» አለች ፋና። «ውሉን የት ነው ያስመዘገብከው?»

«ሽማግሌዎች ፈርመዋል።»

«የቤት ሽያጭ በሽማግሌ አያልቅም፣ አንተ። ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ያንተ ላልሆነ ቤት ሰው ገደልክ።»

ደርበው በካቴና ሲወጣ ማንም አላየውም። ሁሉም የሚያየው ፅናት እጅ ላይ ያለውን የቤቱን ቁልፍ ነው። ምንይችል ሄዶ ፊቷ ቆመና እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ያለችው ይሄ ቤት ብቻ ነው።

«ሕጉ ያንተ ነው» አለችው ፋና። «ልስጣት ካልክም ስጦታው እንደ ኑዛዜ በምስክር ፊት ይጻፋል። ሰጠኋት ብለህ በአፍ እንዳትሸኛት፤ እሱን አይታዋለች።»

ምንይችል ቁልፉን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ሊገነዝ የሚጠብቀውን ሬሳ አየ። እጁ እንደተዘረጋ ነው። እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ እጃችሁን ትሰበስቡ ነበር፣ ወይስ ቁልፉን ትቀበሏት ነበር?