የሩሚንታንግ አባት

ይህን የምጽፈው ልታምኑኝ ብዬ አይደለም። ማመን የማይፈልግ ይለፈው።

ግን ሆኗል። በሰው ላይ ሲደርስ የሰማሁት አይደለም፤ እኔው ላይ ነው የደረሰው።

ዕለቱ እሁድ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ የለ፣ ጭጋግ የለ... ከምንኖርባት ከሲያንታር ከተማ አርባ ደቂቃ ብቻ ርቀን፣ አንድ የጎማ ዛፍ እርሻ ውስጥ።

እኔና አባቴ። በስኩተር።

ቲዩርማ እባላለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፉን። ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ስም። በመጨረሻ እኔን።

በስሜ ከጠራኝ አሥራ አንድ ወር አልፎ ነበር።

ሐኪሙ "ቤት አትዝጉበት፣ ነፋስ ይቀበል" አለን። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በስኩተር አንሸራሽረው ጀመር። አንድ ሳምንት ፏፏቴ፣ አንድ ሳምንት ፍል ውሃ፣ አንድ ሳምንት የሻይ ተክሉ ኮረብታ። ከአንድ ሰዓት መንገድ አናልፍም። ከኋላዬ አስቀምጠውና፣ በመሃል ልውረድ እንዳይል በሽርጥ ከወገቤ ጋር አስረዋለሁ።

ጎረቤታችን ዱማሪያ ስንወጣ ካየችን አትለቀንም።

"ዛሬስ ሽማግሌውን የት ልትድሪው ነው?"

"ሙሽራ ፍለጋ ነዋ!"

"ምን ሩቅ ያስኬድሻል? እኔ አለሁ አይደል!"

አባቴ ምን እንደተባለ ባይገባውም አብሯት ይስቃል።

መንገዱን የምመርጠው እኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን... መገንጠያ ላይ በደረስን ቁጥር ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኝ ነበር። ሁልጊዜ ግራውን። እኔም ደስ ይበለው ብዬ ወደ ግራ እታጠፋለሁ።

በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀረብን ነበር። ወደ ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

የዚያን እሁድ ትከሻዬን አልመታኝም። ተናገረ።

"ወደ ግራ።"

ድምፁን ከሰማሁ ስለቆየሁ ደነገጥኩ። ታጠፍኩ። ቀጭን የአፈር መንገድ ነው። ግራና ቀኙ የጎማ ዛፍ... በመስመር የቆመ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ፣ ማለቂያ የሌለው።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጸጥታውን ነው። በዚህ ሰዓት ጆሮ የሚያደነቁረው የነፍሳት ጩኸት የለም። ወፍ እንኳ የለም።

ቀጥሎ ኩባያዎቹን አየሁ።

የጎማ ዛፍ ወተቱ እንዲፈስ ቅርፊቱ የሚቆረጠው ጎህ ሳይቀድ ነው። ወተቱ በረፋዱ ተሰብስቦ ያልቃል። እሁድ ደግሞ ማንም ቢላ አያነሳም። እነዚህ ዛፎች ግን ሁሉም... አሁን፣ ከደቂቃ በፊት የተቆረጡ ይመስል ነጭ ወተታቸው ግንዳቸው ላይ በታሰረው ኩባያ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር።

ጠብ... ጠብ... ጠብ።

ሰው ግን የለም።

ከኋላዬ አባቴ ወገቡን ቀና ሲያደርግ ተሰማኝ።

"ቀስ በይ። ፊት ለፊት ጉድጓድ አለ።"

ነበረ።

"አባዬ... እዚህ መጥተህ ታውቃለህ?"

"ድልድዩን ተሻግረሽ አቁሚ።"

ሁለት ጣውላ ብቻ የሆነች ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ ስድስት የእንጨት ቤቶች ተደርድረዋል። የአምስቱ ጣሪያ ወድቆ ሐረግ በመስኮታቸው ይወጣል ይገባል። ስድስተኛው ግን ደህና ነው። ግቢው ተጠርጓል፤ የመጥረጊያው ጭረት አፈሩ ላይ ይታያል።

ጭረቱ ላይ የእግር ዱካ የለም። የጠራጊው እንኳ።

በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ስድስት ሳህን ሩዝ ተቀምጧል። አምስቱ ተጀምረዋል። ስድስተኛው አልተነካም። ሁሉም ይጨሳሉ...

ከውስጥ የሴት ድምፅ መጣ።

"የሩሚንታንግ አባት! ምነው ዘገየህ?"

እኛ ባታኮች ዘንድ ሰው የሚጠራው በበኩር ልጁ ስም ነው። የአባቴ በኩር እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በፊት "የቲዩርማ አባት" እንጂ ሌላ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ ግን መለሰ። በጎልማሳ ድምፅ፣ ልጅ ሆኜ በማውቀው ድምፅ...

"መጣሁ! መንገድ ይዞኝ ነው!"

ለእናቴ ደወልኩ።

"እማዬ..." አልኩ በሹክሹክታ። "ሩሚንታንግ ማናት?"





"የት ነው ያላችሁት?"

"የጎማ እርሻ ውስጥ። አሮጌ ቤቶች አሉ..."

"አባትሽ አጠገብሽ ነው?"

"ከኔ ጋር ታስሯል።"

"እንዳትፈቺው። ስሚኝ ልጄ... ብትሞቺም እንዳትፈቺው። አሁኑኑ አዙሪና ውጪ!"

አዞርኩ። ቤቱ ውስጥ አንድ ሕፃን ሳቀ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት።

ድልድዩን እንዳለፍን ከጀርባዬ ሰማሁ።

"ቲዩርማ።"

ፍሬን ልይዝ ምንም አልቀረኝም።

"ቀስ በይ እንጂ ልጄ። ብስክሌት ሳስተምርሽም እንዲሁ ነበርሽ። ጉልበትሽ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። እናትሽ አንድ ሳምንት ኮረፈችኝ።"

እንባዬ መንገዱን ጋረደኝ። ሁሉንም ያስታውስ ነበር። ኩፍኝ የያዘኝን ጊዜ... መጀመሪያ የሰፋሁለትን ሸሚዝ፣ አንዱ እጅጌው አጥሮ እያለ ለብሶት ሥራ የሄደውን... ያወራል፣ ይስቃል። እኔም እየሳቅሁ፣ እያለቀስኩ እነዳለሁ።

አስፋልቱ ላይ ወጣን። የነፍሳቱ ጩኸት ተመለሰ። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። አቆምኩና ዞርኩ።

"እሺ አባዬ፣ ከዚያስ? ሸሚዙን ለብሰህ ስትሄድ ምን አሉህ?"

አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ፣ ውሃ ከተቀደደ ባልዲ እንደሚፈስ፣ ቀስ እያለ ሄደ።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

ከዚህ በኋላ ያለውን እስከ ዛሬ ለእናቴ አልነገርኳትም።

ስልኬ ይጮኻል። እናቴ ናት። አላነሳሁትም። ከመንገዱ ዳር ቆሜ ዛፎቹን አየሁ። አንድ ጊዜ፣ አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ስሜን ይጥራኝ።

ስኩተሩን አዞርኩት።

እኔ ነኝ ያዞርኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ሦስተኛውን የዛፍ ረድፍ እንዳለፍን...

"ቲዩርማ። ለምን ተመለስሽ?"

ድምፁ አዝኗል። እኔ ግን ከደስታዬ የተነሳ ልብ አላልኩትም። ከቤቶቹ ርቀን፣ ዛፎቹ መሃል ሞተሩን አጠፋሁ። አሥር ደቂቃ እናወራለን፣ ከዚያ እንወጣለን ብዬ ነው።

"አባዬ፣ እንደዚህ ሆነህ ቤት ብንሄድ..."

"እዚያ አይሆንም ልጄ። እዚህ ነው የማስታውሰው። ችግሩ... ሁሉንም ነው የማስታውሰው። እነሱንም።"

"እነሱ እነማን ናቸው?"

ጣቶቹ የሽርጡን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ከአንድ ዓመት በላይ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት ሰው... ቋጠሮውን በአንድ እጁ ፈታው።

"አባዬ፣ ተው። አባዬ..."

ያኔ ደረቁ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እርምጃ ነው። የብዙ ሰው፣ ትናንሽ እግሮች። እየቀረበ መጥቶ በየዛፉ ጀርባ ቆመ። ማንንም አላየሁም። ግንዶቹ ላይ ያሉት ኩባያዎች ግን ይወዛወዙ ነበር።

"አባዬ..." አልኩ።

"አባዬ..." አለ አንዱ ዛፍ።

"አባዬ... አባዬ..." አሉ ሌሎቹም።

ከስኩተሩ ሲወርድ ተደፍቼ እግሩን አቀፍኩ።

"እኔስ? እኔ ልጅህ አይደለሁም? አባዬ፣ እለምንሃለሁ... እኔስ?"

እጁን ራሴ ላይ አደረገ። ሞቃት ነበር።

"አንቺ ሠላሳ አራት ዓመት አገኘሽኝ፣" አለ። "እነሱ ግን እስከ ዛሬ እየጠበቁኝ ነው።"

አልገፋኝም። አልታገለኝም። ይህን እወቁልኝ። እንደዚያ እያለኝ፣ ጣቶቼ ራሳቸው ላሉ።

ሲሄድ ጀርባውን አየሁት። አንድ ዛፍ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ከሦስተኛው ጀርባ ገባ...

አልወጣም።

ዘጠኝ ቀን ፈለግነው። ፖሊስ መጣ፣ የሰፈር ሰው መጣ፣ ውሻ መጣ። ቤቶቹ አሉ። ስድስቱም ፈርሰዋል። የተጠረገ ግቢ የሚባል ነገር የለም፤ አረሙ ከወገብ በላይ ነው።

በአሥረኛው ቀን እናቴ ማድ ቤት ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነገረችኝ።

"ከኔ በፊት የዚያ እርሻ ሠራተኛ ነበር። ሚስትና አራት ልጆች ነበሩት። እሱ ከተማ ባደረበት ሌሊት ወንዙ ሞላ። አንድም አልተረፈ። ታላቅየዋ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር... ሩሚንታንግ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ስማቸውን ላይጠራ ምሎልኝ ነው ያገባሁት። እኔ ነኝ ያስማልኩት።"

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ወር ሆነ። እሁድ እሁድ ብቻዬን እሄዳለሁ። ድልድዩ ድረስ እነዳለሁ፣ እጠራዋለሁ፣ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ዛፎቹ መልሰው "አባዬ" እንዲሉኝ እንኳ እመኛለሁ። ዝም ነው።

እስካለፈው እሁድ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ስኩተሬን አቁሜ ቆሜ ሳለሁ፣ ከድልድዩ ማዶ የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

ስኩተር ነው። እየመጣ ነው።

የምትነዳው በዕድሜ ከኔ ከፍ የምትል ሴት ናት። እጇ እስከ ክርኗ በደረቀ የጎማ ወተት ነጥቷል። ግንባሯ የአባቴ ግንባር ነው።

ከኋላዋ አባቴ ተቀምጧል።

አልታሰረም። ፀጉሩ ተበጥሯል፣ ልብሱ ንጹሕ ነው። ጤነኛ ሰው ነው። አጠገቤ ሲደርሱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። በግልጽ ሰማሁት።

"ሩሚንታንግ፣ ይቺ ሴትዮ መንገድ ጠፍቷት እንዳይሆን። ጠይቂያት እስቲ።"

ሴትየዋ ስኩተሩን ቀዝቀዝ አደረገች።

"እህቴ... መንገድ ጠፋሽ እንዴ?"

ዓይኑን አየሁት። ዓይኑ ውስጥ እኔ የለሁም።

"ደንግጣለች፣" አላት በሐዘኔታ። "ተያት፣ አትጫኛት።"

አለፉኝ። ወደ ከተማው አቅጣጫ።

ዛፎቹ እስኪጋርዱት ድረስ አባቴ ዞሮ እያየኝ ነበር። ለማያውቃት ሰው እንደሚያዝን ደግ ሽማግሌ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ... በየት በኩል እንደሚወጣ ያሳየኝ ነበር።