ጅግራዎቹ ያላወቁት ሰው

ፀሐዩን መሰላሉ ሥር ወድቆ ያገኘው ሸሪኩ ፉአድ ነው። መሸት ሲል ዶሮዎቹ ራሳቸው ቤታቸው ይገባሉ፤ ጅግራዎቹ ግን ዛፍ ላይ ይሰፍራሉ። ጉጉት እንዳይበላቸው ፀሐዩ መሰላል ላይ ወጥቶ በዘንግ ያወርዳቸው ነበር። ፉአድ መኖ ገዝቶ ሲመለስ እነሱ ከላይ ይጮሃሉ፣ ሰውየው ከሥር በድን ሆኗል። ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ እንደተጨበጠ ቀርቷል።

እርባታዋ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወደ ሰሜን ናት። የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ሳቢራ ስትደርስ ጭጋግ ወርዶ፣ ያ የወፍ ጩኸት ከየት እንደሚመጣ እንኳ አይታወቅም ነበር። ዘመድ ሁሉ ግን ገዳዩን ቆርጦ ጨርሷል፤ ፉአድ!

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው።

«አዎ፣ ተጣልተናል! ጅግራዎቹ ዶሮዎቹን ከመኖው እያባረሩ ሲያቆስሏቸው ለየብቻ ይሁኑ አልኩት። እሱ ደግሞ ‹ጭልፊት ሲመጣ ማን ይጮህልሃል?› አለኝ። ለዚህ ሰው ይገደላል እንዴ፣ እህቴ? ሚስቴ ሂክማ እኮ ነገ ኤርፖርት ትገባለች! ስንት ዓመት ጠብቄ፣ እኔ ታስሬ ትድረስ?»

«ለአንተም ይጮሃሉ?»

«ለእኛማ ዝም ነው። ለማያውቁት ነገር ነው እንጂ። ኮፍያ ስቀይር ግን እኔንም አያውቁኝም።»

«ፀሐዩ ስልክ አልያዘም። ስልኩ የት ሄደ?»

«ሚስቱ ንግስት ለጥገና ወስዳዋለች። ሰሞኑን አገር ቤት እናቱ ጋ በእኔ ስልክ ነበር የሚደውለው። በደወለ ቁጥር ‹ጠበል ሄደዋል› ይሉታል።»

ሳቢራ ከዚያ ላንድማርክ ወደሚባለው ሰፈር ነዳች። ሚስቱ ንግስትና ታላቅ ወንድሙ መንገሻ በንግስት አፓርታማ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ንግስት በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበረች ባልደረቦቿ መስክረዋል።

«ስልኩን የትኛው ሱቅ ሰጠሽው?»

ንግስት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ አቀረቀረች።

«ያንን ሸሪኩን ጠይቂ!» አለ መንገሻ። «እኔ ከፋሲካ ወዲህ እርባታውን አልረገጥኩም። ኧረ ተዪን! ባንድ ወር ሁለት ለቅሶ እንዴት ይቻላል!»

ንግስት ቀና ብላ በዓይኗ ገላመጠችው። ሳቢራ ያየች አልመሰለችም።

በማግስቱ ሦስቱንም እርባታው ሰበሰበቻቸው። ፉአድ በሥራ ልብሱ ዛፉ ሥር ሲቆም ጅግራዎቹ ዝም አሉ። ሳቢራም የንግስትን ነጠላ ተቀብላ እንደ ሐዘንተኛ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ፉአድ ትከሻ ላይ ጣለችበት። ልጆቼ፣ የዚያን ጊዜ የተነሣው ጩኸት! ዛፉ ራሱ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። መንገሻ ጆሮውን ያዘ።

«ነጠላውን አንሺ! በአምላክ አንሺው!»

ሳቢራ አነሣችው።

«ለሚያውቁት ሰው ሲጮሁ አያችሁ?» አለች። «በዚያን ቀንም የጮሁት ለባዳ አልነበረም፤ ነጠላ ለለበሰ የቤት ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያን ቀን አልነበረም፤ የፀሐዩም እጅ ደረቱ ላይ ተጨብጧል፤ ስለዚህ ነጠላው የለቅሶ ነው። የማን ለቅሶ? ንግስት፣ ስልኩን ከባልሽ የወሰድሽው የነፍስ ይማር መልእክት እንዳያይ ነው። ጠበል ሄደዋል የተባሉት እናት ዐርፈዋል። መርዶው ገና ስላልተነገረው፣ እሱ እዚህ እርባታው ሲያድር እናንተ ላንድማርክ ተደብቃችሁ ታለቅሱ ነበር። ‹ሁለት ለቅሶ› ያሉት ራስዎ ነዎት፣ ጋሽ መንገሻ። ንግስት ሥራ ላይ ነበረች፤ ፉአድ ስለ መርዶው አያውቅም። ከቤተሰቡ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

መንገሻ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎች ሊያረዱት ነበር። እኔ ቤት እንዲውል ልለምነው መጣሁ። ከለቅሶው ስነሣ ነጠላውን ማውለቅ ረሳሁት። እነሱ ሲጮሁ ዞሮ አየኝ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም! ‹እማዬ ናት?› ብሎ ሁለት እጁን ከመሰላሉ ለቀቀ፤ ደረቱን ሊመታ።»

«ሲወድቅስ ሞቶ ነበር?»



«ይተነፍስ ነበር። ስልክ አውጥቼ ነበር… ‹በመርዶ ወንድሙን ገደለ› እንዳልባል ፈርቼ ሸሸሁ። ፉአድን ሲወነጅሉትም ዝም አልኩ።»

«መውደቁ አደጋ ነው» አለች ሳቢራ ቀስ ብላ። «ጥሎት መሄድዎ ግን አደጋ አይደለም።» ክንዱን ይዛ አስነሣችው።

መኪናዋ ስትርቅ ንግስት ፉአድ ፊት ተንበረከከች።

«አፌን ሞልቼ ገዳይ አልኩህ።»

«ተነሺ፣ እትዬ፣ አይገባም! ይልቅ የሂክማ አውሮፕላን አሁን ሊያርፍ ነው። አብሬህ እቀበላታለሁ ያለኝ ፀሐዩ ነበር። ብቻዬን እንዴት…»

ንግስት ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

«ቁልፉን አምጣው። በእሱ ፈንታ እኔ እነዳልሃለሁ።»