አስራ ዘጠኝ ቁጥር ቴፕ

«ሁለት ገጽ ነው?»

«ጀርባውም አለ።»

ምልክቱ ያ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ቀና ሳይል ከማሽኑ ስር ቡናማ ፖስታ መዘዘና ከወረቀቷ ጋር ደርቦ ሰጣት። ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንድ ፍላሽ፣ አንድ የኮምፒውተር ካርድ። ካርዱ መዳፍ ያህላል፤ ዳሩ ላይ ጥርሱ የበዛ ሶኬት አለው። እንዲህ ያለውን መስራት ካቆሙ ሃያ ዓመት አልፏል።

ክር ፖስታውን ጃኬቷ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ክር የስራ ስሟ ነው። እናቷ ያወጣችላትን ተዉት።

በሩ ላይ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሰው ቆሞ ስልኩን ያያል።

ስልኩ ጠፍቷል።

ወደ ቀኝ ታጠፈች። ታጠፈ። ጫማ ቤት ገብታ የማትገዛውን ጫማ ለካች። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጠበቃት። ሁለት በር ያለው ፋርማሲ አገኘች፤ በአንዱ ገብታ በሌላው ወጣችና ሊነሳ የነበረ አውቶቡስ ላይ ዘለለች። ከመስኮቱ አየችው። አልሮጠም። ግራ ቀኝ አላለም። ስልኩን ኪሱ ከቶ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ስራውን እንደጨረሰ ሰው።

ገረማት። አለፈችው።

ማለፍ አልነበረባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክር የተላከችበት መዝገብ ቤት ከሁለት ወር በፊት ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ቀየረ። ማሽኑም አዲስ፣ ሲስተሙም አዲስ። የዚያን ዕለት ምድር ቤት ያለው የድሮ የቴፕ ማንበቢያ ዲዳ ሆነ። ምድጃ የሚያህል ብረት ነው። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አዲሱ ሲስተም ግን አያውቀውም። እንደ እንጀራ ልጅ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

ካዝናው ውስጥ አርባ ቴፕ አለ። አስራ ዘጠነኛው ላይ ከአስራ አራት ዓመት በፊት የዘጠኝ ሰው ስም ተቀድቷል። ለክር መስሪያ ቤት በድብቅ ወሬ ያቀብሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የቀዳው ሰው ለማንም ሳይናገር ሞተ፤ ቴፑ ተረሳ። ዘንድሮ የመዝገብ ቤቱ የጸጥታ አለቃ ከአንድ አሮጌ ፋይል ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አገኘ። «ዝርዝሩ አስራ ዘጠኝ ላይ ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

ዘጠኙ ዛሬም እዚሁ ከተማ አሉ። ክር የምታውቀው ሦስቱን ብቻ ነው፤ ነርሷን፣ የአውቶቡስ ሹፌሩንና የሒሳብ አስተማሪውን። ሦስቱንም ያመጣቻቸው ራሷ ናት። «ማንም አያውቅም» ብላ።

የላኳት የመስሪያ ቤቷ ሹም ናቸው፤ «አጎቴ» ይሏቸዋል። ትዕዛዛቸው አጭር ነበር። «ጠጋኝ ሆነሽ ግቢ። ማንበቢያውን አስነሺ። ዝርዝሩን ቅጂልኝ፤ የኛን ቅጂ አቃጥለነዋል። እኔ ሰዎቹን ቀስ አድርጌ አወጣለሁ። ከዚያ ቴፑን አበላሺው። እስከ ዓርብ።»

ገባች። ዛሬ ረቡዕ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን አይጥ ማን ፋቀው?»

የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ናቸው። እትዬ ቁጥር ይሏቸዋል። በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ቁጥር ያልጻፉበት ዕቃ የለም። ወንበሩ፣ መጥረጊያው፣ የኮምፒውተሩ አይጥ፣ የመስኮቱ መቀርቀሪያ። አለቃውም ፈዞ ቢቀመጥ ይጽፉበታል ይባላል።

«እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ እትዬ።»

«ይፍቁ።» አይጡን ገለበጡና የባትሪውን ክዳን በጥፍራቸው ከፈቱት። ውስጡ በአረንጓዴ የጥፍር ቀለም የተጻፈች ደቃቃ ቁጥር አለች። «እኔ ሁለት ቦታ ነው የምጽፈው። አንዱን ለሌባ፣ አንዱን ለራሴ። ቀለም ይለቃል፤ ይሄ ግን ከጥፍርም አይለቅ።»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«አንቺ። ለጡረታ አምስት ወር ነው የቀረኝ፣ ለማን ልደብቀው?» ሳቁ። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው የካዝና ቁልፍ አብሮ ተንቀጫቀጨ። «ሃያ ሁለት ዓመት ይሄ ቁልፍ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ታምሜ እንኳ፣ ታምሜ! ሆስፒታል ድረስ መጥተው ነው የሚያስፈርሙኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምተሻል? ሁለቱም ነኝ።»

ክር ፈገግ አለች። ፈገግታ የስራው አካል ነው። ከዚያ ወደ ብረቷ ተመለሰች።

ማንበቢያውን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ካርድ አዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ አይገባም፤ ቦታ የላቸውም። ከተጣሉት መካከል በዕድሜ መሃል ላይ ያለ አንድ ኮምፒውተር አገኘች። ካርዱን ይቀበላል፣ አዲሱንም ሲስተም ይሸከማል። እያቃሰተ። ሲስተሙን ጫነችበት። ካርዱን ሰካች። ከፍላሹ ላይ ድራይቨሩን፣ ማለትም ማሽኑን ከካርዱ የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ልትጭን ሞከረች።

እምቢ አለ። የድራይቨሩ ፊርማ፣ የሰሪው ማረጋገጫ፣ ጊዜው አልፎበታል፣ አልቀበልም።

ይሄን ታውቀዋለች። አዲስ ሲስተም እንደ በር ጠባቂ ነው፤ ሰውየውን አያይም፣ የሚያየው የመታወቂያውን ቀን ነው። የማሽኑን ቀን አስራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መለሰችው። ፊርማው በሕይወት ወደነበረበት ዓመት።

ተቀበለ።

ብረቱ አረንጓዴ መብራት አበራ። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነው። ባዶ ቴፕ አስገብታ ሞከረችው። ጻፈ። አነበበ። ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ከስክሪኑ ደበቀችው፤ የማይገባውን ቀን አይቶ የሚጠይቅ እንዳይኖር።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ምንም አላላትም።

ልትዘጋው ስትል ካርዱን አየችው። ፊቱ ላይ አንድ ቦታ ተፍቋል። ጣት የምታህል ቦታ፣ በጥንቃቄ።

ምናልባት ዝም ብሎ ነው። ማሽኑን አጠፋችው። ካርዱን ነቀለችው። ከዳሩ ያለውን የብረት ሳህን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈታች።

ከሳህኑ ስር አረንጓዴ የጥፍር ቀለም አለ።

0417።

ቁጭ አለች።

ካርዱ ከዚህ ቤት ነው የወጣው። ትናንት ግን ያገኘችው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ከአጎቴ ሰው እጅ ነው።

«እትዬ፣ 0417 ምንድን ነው?»

እትዬ ቁጥር መዝገባቸውን እንኳ አልገለጡም። «የማንበቢያው ካርድ። አለቃው ባለፈው ወር ፈርሞ ወሰደው። እስከ ዛሬ አልመለሰም፤ እሱ እኮ ማንኪያም አይመልስም። ምነው፣ አገኘሽው?»

«የለም። የንብረት ዝርዝሩ ላይ አይቼው ነው።»

የቀረውን ራሷ ገጣጠመችው። አለቃው ካርዱ አለው፤ ድራይቨሩ የለውም። ድራይቨሩ ያለው ክር መስሪያ ቤት ነው። አለቃው ካርዱን ለአጎቴ ላከ። አጎቴ የሚስማማውን ድራይቨር ፈልጎ፣ ቁጥሩን ፍቆ፣ ሁለቱንም በሷ እጅ መለሰለት። ባለ ግራጫ ሹራቡ ሊይዛት አልነበረም። ዕቃው በሰላም መድረሱን ሊያይ ነው።

ሽፋኗ ጥገና አልነበረም። ስራው ራሱ ጥገና ነው። ለእነሱ።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ዓርብ ቴፑ ሲነበብ ዘጠኙ ያልቃሉ። አስረኛዋ ራሷ ናት።

አሁን ብትሄድስ? ካርዱ ይቀራል፣ ድራይቨሩን አጎቴ እንደገና ይልካል፣ ሌላ ጠጋኝ ይመጣል። ቴፑ መጥፋት አለበት። ቴፑ ደግሞ ያለ አለቃው ከካዝናው አይወጣም። ፊቱ ላይ ማጥፋት ነው ያለው።

ሲስተሙ የሚያውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሷ የሰጠችውን። ዛሬ የሚጠፋ ቴፕ የዛሬ አስራ አንድ ዓመት የጠፋ ይመስላል። አለቃው ባዶ ዕቃ እንደያዘ ያምናል። ሌላ ቅጂ አይፈልግም፤ የለማ።

ያኔ የካዝናው ቁልፍ በማን አንገት ላይ እንደነበር ታውቃለች። ሌላ ቀን ፈለገች። ፊርማው የሚሰራው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። በሁለቱም ዓመት ቁልፉ ያው አንገት ላይ ነው።

ብሎኖቹን መልሳ አጠበቀች።

ዓርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። እትዬ ቁጥር ቴፑን እንደ ሕፃን ታቅፈው አመጡ፤ አለቃውን አስፈረሙት።

«ቀኑንም ጻፉበት እንጂ፣ አለቃ። ፊርማ ያለ ቀን ጋብቻ ያለ ምስክር ነው።»

«ይውጡልኝ አሁን።»

«የልጅቷን መሳሪያ መውጫ ወረቀት ልፈርምላት። ስራዋን ጨርሳ የለ? ኋላ በር ላይ ያጉላሏታል።» ፈረሙላት። ትከሻዋን ቸብ አድርገው ወጡ።

አንድ ጠባቂ በሩ ላይ ቆመ። አለቃው ከጀርባዋ። የሎሚ ከረሜላ ይመጥጣል፤ ትንፋሹ አንገቷ ላይ ያርፋል።

ቴፑን አነሳች። ጎኑ ላይ እንዳይጻፍበት የሚከለክል ትንሽ መቆለፊያ አለ። በአውራ ጣቷ ገፋችው።

ቀጭ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ክዳኑ ነው፣ ጌታዬ።»

አስገባችው። ብረቱ አጉረመረመ። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ወጣ። ይህ ቴፕ በዚህ ሲስተም አይታወቅም፤ እንደ አዲስ ይዘጋጅ? ያለበት ሁሉ ይጠፋል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፣ ደቃቃ። አለቃው መነጽሩን ቢሮ ረስቶታል።

«ምን ይላል?»

«ፈቃድ ይጠይቃል።»

«ፍቀጂዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ፈቀደች።

ቴፑ መዞር ጀመረ። አራት ደቂቃ ይፈጃል። አለቃው ከረሜላውን ቆረጠመ። ክር እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ስለ ነርሷ ልታስብ ሞከረች። ፊቷ አልመጣላትም።

ቆመ።

«የታል?»

«ባዶ ነው።»

«ምን ማለት ነው ባዶ?»

«ተጠርጓል። እዚህ ጋ የተጠረገበት ቀን አለ።» ፊደሉን አጎላችለት።

ጎንበስ ብሎ አነበበ። አንዴ። ሁለቴ። «የዛሬ አስራ አንድ ዓመት?»

«እንደሱ ይላል።»

«ያ ቀጣፊ አጎትሽ ባዶ ቆርቆሮ ሊያስታቅፈኝ!» አለ፤ መናገር የሌለበትን መናገሩንም ልብ አላለም። ቀና አለ። ፊቱ ቀስ ብሎ ተቀየረ። «ያኔ ካዝናው በማን እጅ ነበር?»

«አላውቅም።»

ታውቃለች።

መልሷን አልጠበቀም፤ ደረጃውን ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ የወንበር መውደቅ ተሰማ። ከዚያ የእትዬ ቁጥር ድምጽ። «ሳልፈርም? ቁልፉን ሳልፈርም? በሕግ አምላክ፣ ርክክብ አለው!» የሚገፏቸው ሁለት ናቸው፤ ምናልባት ሦስት። «ሃያ ሁለት ዓመት! መዝገቡን ክፈቱት፣ መዝገቡን!»

«ና እዚህ!» ብሎ አለቃው ጮኸ። በሩ ላይ የነበረው ጠባቂ ወደ ላይ ሮጠ።

በሩ ባዶ ሆነ።

ክር ተነሳች። ቦርሳዋን ያዘች። በኋላ ደረጃ ወጣች። በአገናኝ መንገዱ ጫፍ ሰው ተኮልኩሏል፤ በመሃላቸው የአንድ እግር ጫማ ወድቋል፣ ጥቁር፣ ተረከዙ የተበላ። ልትቆም ትችል ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ሴትዮዋን ይለቋቸው ነበር።

አልቆመችም።

የውጭ በሩ ዘበኛ መውጫ ወረቀቷን አይቶ መልሶ ሰጣት። «ውስጥ ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«እኔ እንጃ።»

ለአጎቴ ስልክ የደወለችው ከአውቶቡስ ጣቢያ፣ ከአንድ ሱቅ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

«ተነበበ?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ሊሆን አይችልም።»

«እንዴት አወቅህ?»

በአስራ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

«ስሚኝ፣ ልጄ። አታውቂውም ነገሩን። የታሰረ ልጅ አለኝ። ሊፈቱልኝ ነበር። ዘጠኙ እኮ አርጅተዋል፣ ማንም አያስታውሳቸውም...»

«ባዶ ቆርቆሮ ሊያስታቅፈኝ ነው ብሏል። አንተን ነው።»

«ምን አድርገሽ ነው? ክር! ምን አድርገሽ ነው?»

ስልኩን ለባለሱቁ መለሰች። የታሰረው ልጅ ነገር እውነት ይሁን ውሸት አታውቅም። ለማወቅ አልፈለገችም።

በዚያ ሰዓት ዘጠኙ ሰዎች ምንም አልሰሙም። ነርሷ ተረኛ ነበረች። ሹፌሩ ጎማ ተንፍሶበት ሲሳደብ ዋለ። አስተማሪው የአንድ ክፍል ፈተና አርሞ ጨረሰ። የቀሩት ስድስቱ እነማን እንደሆኑ ማንም አያውቅም፤ ክርም።

አውቶቡሱ ሰባት ሰዓት ሄደ። በመንገድ ላይ የስልኳን ሲም ሰብራ በመስኮት ጣለችው። ጎኗ የተቀመጠችው ሴት ብርቱካን ልጣ ግማሹን ዘረጋችላት። ተቀብላ በላች። ጎምዛዛ ነው። ሌላም ስትሰጣት ተቀበለች።

የደረሰችበት ከተማ ውስጥ ክፍል የምታከራይ አንዲት ሴትዮ አገኘች። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ወደ ግድግዳ የሚያይ።

«ብቻሽን ነሽ?» አለች አከራይዋ።

«ብቻዬን።»

«ዘመድ፣ ጓደኛ፣ መጥቶ የሚጠይቅሽ?»

«የለም።»

«ኧረ አንድ እንኳ? የሥራ ባልደረባ?»

ክር መስኮቱን ከፈተችው። ዘጋችው።

«አንዲት እትዬ ነበሩ።»

«ነፍስ ይማር» አለች አከራይዋ፤ አንሶላውን አልጋው ላይ ወረወረችና ስሟን ሳትጠይቅ ወጣች።