ዙር ቆጣሪው ያመጣብኝ ሰው

«መካኒኩ አንተ ነህ?» አልኩት፣ ገና እግሩን ጀልባዬ ውስጥ ሳያስገባ።

«ካላመንሽ ልመለስ» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ልቤን ነካው። ለዚህ ነው መሰለኝ ወዲያው የጠረጠርኩት!

ዋይሳኬ ይባላል። ከሞቱሪኪ ደሴት ወደ ሌቩካ ከተማ ሰው የማመላልስበት፣ አባቴ ትቶልኝ ያለፈው አሮጌ የጀልባ ሞተር፣ ፍጥነቱን የሚያሳየው ዙር ቆጣሪው አስቸግሮኝ ነበር። መርፌው አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ዜሮ ላይ ይተኛል። ያለሱ ደግሞ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ነድቼ እንዳላቃጥለው እሰጋለሁ። ምጥ የያዛትን ሁሉ ሐኪም ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ፤ መሐል ባሕር ላይ ቢከዳኝስ?

ዋይሳኬ ከቆጣሪው ጀርባ ዝገቱን ጠረገ፣ ሽቦዎቹን አጠበቀ። መርፌው ተነሳ። በማግስቱ ተመልሶ ሞተ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ነካካ... ደግሞ ሞተ።

«ቫሲቲ» አለችኝ እናቴ ካሳቫ እየላጠች፣ «ይሄ ልጅ የአፔኒሳ የእህቱ ልጅ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

ክው አልኩ። አፔኒሳ መንገደኛ የሚሻማኝ ባለጀልባ ነው።

«አልነገረኝም...»

«እንዴት ብሎ ይንገርሽ! በሳቁ እያሞኘ ሞተርሽን ሊገድልብሽ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ዓሣ ቢያመጣልን «ምን ፈልጎ?»፣ ዝም ቢል «ምን ደብቆ?» ማለት ሆነ ሥራዬ። የባሰው ግን ሲቀር መናፈቄ!

አንድ ማለዳ ወደ ባሕሩ ስወርድ ጀልባዬ ውስጥ አገኘሁት። የሞተሩ ክዳን ተከፍቷል፤ ከሞተሬ የተፈታ ዕቃ እጁ ላይ ነው።

«ሌባ!»

«ቫሲቲ፣ ስሚኝ...»

«አጎትህ ነው የላከህ?»

«አጎቴማ አንቺ ጋ መምጣቴን ካወቀ ወዲህ አያናግረኝም።»

«ታዲያ በሌለሁበት ምን ትፈታለህ?»

«ከዚህ ዕቃ ጋር የተያያዙትን ሁለቱን ቢጫ ሽቦዎች ቦታ ባቀያይራቸው መርፌው ነፍስ ዘራ። ቆጣሪሽ ጤነኛ ነው። የተቃጠለው ይሄ፣ ኤሌክትሪኩን ለባትሪው የሚያስተካክለው ነው። በቦታው ሌላ ደህና አስገብቼልሻለሁ። አስነሺው።»

አስነሳሁት። ነዳጅ ስሰጠው መርፌው ወጣ፣ ስቀንስ ወረደ። አሁንም አላመንኩም።

«ደህናውን ከየት አመጣኸው?»

አንገቱን ደፋ።

የእሱ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አሸዋው ላይ ቆሟል። ሄጄ የሞተሩን ክዳን አነሳሁ። የዚያ ዕቃ ቦታ ባዶ ነበር! ተመልሼ ፊቱ ቆምኩ።

«ባትሪህ ካልሞላ በምን ታስነሳዋለህ?»

«ገመድ ስቤ።»

«የሌሊት ዓሣውስ፣ ያለ መብራት?»

«ይቅርብኛ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እምቢ ትያለሽ ብዬ። ደግሞ ሲስተካከል... የምመጣበት ሰበብ ያልቅብኛል።»

«ታዲያ ለምን አስተካከልከው?»

«አንቺ ባሕር ላይ ከምትቀሪ፣ እኔ ከአንቺ ብቀር ይሻላል።»

እንባዬ መጣ። እጁን ያዝኩት፤ በግራሶ የጨቀየ ነበር፣ አልለቀቅኩትም።

ለእሱ የሚሆን ዕቃ ከሱቫ ከተማ በመርከብ እስኪመጣ በእኔ ጀልባ አጠመደ። ዕቃው መጣ። እሱ ግን አልሄደም።

አፔኒሳም ከብዙ ኩርፊያ በኋላ ታረቀን። በአገራችን ወግ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ፣ የእህቱን ልጅ አስከትሎ፣ እኔን ለእሱ ለጋብቻ ሊጠይቅ ቤታችን መጣ። እናቴ ጥርሱን ከተቀበለች እሺ ማለቷ ነው። እሷ ግን ዓይኗን አጥብባ ዋይሳኬን አየችው።

«እውነቱን ንገረኝ። የምትፈልገው ሞተሩን ነው ልጄን?»

«ሞተሩማ ድኗል፣ እማማ» አላት። «ያልዳንኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ሳቋ አመለጣት። ጥርሱንም በሁለት እጇ ተቀበለች።