የአያቴ መነጽር

የቀደመው ድምፁ ነው።

ሸርተት... ሸርተት...

ነጠላ ጫማውን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ዓይነት።

ፈጠራ ነው የሚለኝ አይጠፋም፤ ይበል። እኔ የምነግራችሁ ዓይኔ ያየውን ነው። ለዚያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

አያቴ የልብ ቀዶ ጥገና አድርጎ የተኛበት ክፍል ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። በሩ ያለ ነርሷ ካርድ አይከፈትም... ከውስጥም ቢሆን።

ጠዋት ነርሷ አስጠንቅቃኛለች።

"በዚህ ዕድሜ ከቀዶ ጥገና በኋላ መቃዠት ይመጣል። መነጽራቸውን እንዳታወልቅባቸው፣ የጆሮ መስሚያቸውንም። መጋረጃው ክፍት ይሁን። ቀኑን ንገራቸው፣ አጫውታቸው። አንዴ ከተምታታባቸው መመለሱ ከባድ ነው።"

እኔ ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም። ያለችኝን አንድም ሳላጎድል ያዝኩ።

"አንተ ልጅ..." አለኝ አያቴ በሹክሹክታ። "መነጽሬን አውልቅልኝ።"

"አይሆንም አባባ። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ሐሙስ። ያለሁት ሆስፒታል። አንተ የልጄ ልጅ ነህ፣ ያ እንቅልፋሙ። የከፈቱት ደረቴን ነው እንጂ ጭንቅላቴን መሰለህ እንዴ?"

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

"ታዲያ ለምን ይውለቅ?"

"ሳደርገው ይታየኛላ።"

"ማን?"

ዓይኑ በትከሻዬ ላይ አለፈ...

"ከኋላህ የቆመው።"

ሸርተት...

ዞርኩ። ነጭ ግድግዳ። ባዶ ወንበር።

ወንበሩ ግን ቅድም መስኮቱ ጋ ነበር።

"ማንም የለም፣ አባባ።"

እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። ጣቶቹ በረዶ ሆነዋል።

"እንግዲያው መስሚያውን አውጣልኝ። ስምህን እየጠየቀኝ ነው።"

እጄ ወደ ጆሮው ሄደ... መለስኩት። ባወጣውና እውነት ቢቃዥስ? አእምሮውን በገዛ እጄ ላጥፋው?

የጥሪውን ደወል ተጫንኩ።

በሩ ጠቅ አለ። ነርሷ እየሳቀች ገባች።

"ሲስተር፣ መቃዠት ሳይጀምረው አልቀረም። ከኋላዬ ሰው አለ ይላል።"

ቀና ብላ ከኋላዬ አየች።

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

ቀኑን አልጠየቀችውም። ቀስ ብላ መነጽሩን አወለቀችለት። መስሚያውን አወጣች። ሁለቱንም ኪሷ ከተተቻቸውና መጋረጃውን ዘጋች።

አያቴ በረጅሙ ተነፈሰ። እጄን ለቀቀኝ።

"ሲስተር... እኔስ?"

ካርዷን አውጥታ ወደ በሩ ዞረች።

ስትወጣ በመሃል አልሄደችም። ከኋላዬ ያለውን ባዶ ቦታ ዞራ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ትንፋሿን ውጣ በጎን በጎን እየተሳበች አለፈች።

በሩ ከኋላዋ ጠቅ አለ።